ዕርቅ ሳይቀድም የጋራ ጸሎት፦ ከአዘና ሽምግልና የሚገኝ ትምህርት

የክርስቲያኖች አንድነት የጸሎት ሳምንት በዓለም አብዛኛው ክፍል ከጃንዋሪ 18 እስከ 25 ይውላል። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥር 10 ቀን፣ ማለትም በከተራ ዕለት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1908 አሜሪካዊው ቄስ ፖል ዋትሰን ይህን ጸሎት ሲጀምር ስለ ከተራ አስቦ አልነበረም፤ እኔ ግን ግጥምጥሞሹን እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም። በዚያ ቀን በአማራ ክልል በአዘናም ሆነ በመላው አዊ ዞን ታቦታት ከየደብራቸው ይወጣሉ፤ የየአጥቢያው ሕዝብ እያጀበ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳል። የአንዱ ደብር መዘምራን ከሌላው ጋር ይገናኛሉ፣ ታቦታቱ በአንድ ውኃ ዳር ያድራሉ፣ በኋላም እያንዳንዱ ወደ መንበሩ ይመለሳል። ማንም የራሱን ደብር አልተወም፤ ውኃው ግን የሁሉም ነው። በአገራችን የጋራ ጸሎት ሲነሣ ለአእምሮዬ የሚቀርበው ሥዕል ይህ ነው።

ነገሩ በእውነት ቀላል አይደለም። ከሐዋርያት ቀኖናዎች በግሪኩ ቁጥር 45ኛው ከመናፍቃን ጋር አብሮ የሚጸልይን ካህን ይለያል፤ የሎዶቅያ ጉባኤ 33ኛ ቀኖናም እንዲሁ ይከለክላል። አንድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ካህን በጋራ ጸሎት ላይ ለመቆም ሲያመነታ ይህን ሕግ እያሰበ ነው እንጂ ፍቅር ጎድሎት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ያችው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ የተቋቋመው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት መሥራች አባል ናት። ስለዚህ ከሌሎች ጋር መቀመጥ ለእርሷ አዲስ ነገር አይደለም። ጥያቄው ምን ይዘን፣ በምን ቅደም ተከተል እንቀመጥ የሚለው ነው።

አንድ መንገድ በቅርቡ ታይቷል። የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ ከመጋቢት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ወር በታወጀው ብሔራዊ ጸሎት የየእምነቱ አባቶች በቴሌቪዥን እየቀረቡ በየተራ ጸለዩ። ማንም በማንም ሥርዓት አልገባም፤ ሁሉም ግን ስለ አንድ መከራ ለመነ። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሲዚ በጠሩት የሃይማኖቶች የጸሎት ቀን የተከተሉት መንገድም ይህንኑ ይመስላል። የቀኖናውን ክልል ያከበረ፣ ሊደገም የሚገባው አካሄድ ነው። ሆኖም ወረርሽኝ በደለኛ የለውም። ማንም ማንንም ይቅርታ መጠየቅ አላስፈለገውም። የአብያተ ክርስቲያናት መለያየት ግን በደለኛም ተበዳይም አለው።

እዚህ ላይ ወደ አዘና እመለሳለሁ። አዘና ከሰባት ቤት አገው አንዱ ነው፤ በትውፊቱ ሰባቱ ቤቶች ሰባት ወንድማማቾች ናቸው። በአገው ምድርም ሆነ በቀረው ጎጃም ሽማግሌዎች ደም ሲያስታርቁ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። አጥፊው ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል፤ ሽማግሌው ቢመርቅም ቄሱ መስቀል ቢይዝም፣ «አጥፍቻለሁ» የሚለው ቃል ከአጥፊው አፍ ሳይወጣ ዕርቁ አይጸናም። ከዚያ ካሳው ይቆረጣል። የተበዳይ ወገን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ነው መሐላውና የማሳረጊያው ጸሎት የሚከተለው። አጥፊው ድንጋዩን ከትከሻው ከማውረዱ በፊት የሚጸለይ የዕርቅ ጸሎት በዚያ አገር ሽማግሌ ዓይን የደረቀ ቁስል ሳይሆን የተሸፈነ ቁስል ነው።

በስብሰባ አዳራሽ የሚደረገው የአንድነት ጸሎት ብዙ ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ጸሎቱ ይቀድማል፤ ኑዛዜው ይቀራል። የሚናዘዙት ግን አለ። ካቶሊካዊነት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በአዋጅ ሲጫን የስንት ገበሬ ደም ፈሰሰ! በሌላው በኩል ደግሞ በጎጃም በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1791 የተወለዱት ሊቁ አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ በመሆናቸው ታስረው እ.ኤ.አ. በ1855 በእስር ሞቱ። ካቶሊኮች እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ብለዋቸዋል፤ በተወለዱበት አገር ግን ስማቸው እምብዛም አይጠራም። ወደ ዛሬ ስንመጣ፣ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል ፕሮቴስታንቶች 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ጥቂት ወገን በብዙ የአገራችን ክፍል ከሚገጥሙት ፈተናዎች አንዱ የመቃብር ቦታ ነው። ሬሳ ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ለገባው ቤተሰብ «አብረን እንጸልይ» የሚለው ቃል ቀብሩ ሳይፈታ ትርጉም የለውም።

ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅ የሚሆነውን ደግሞ አይተናል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች ሲታረቁ ውግዘቱ ተነሣ፤ የሁለቱ ፓትርያርኮች፣ የአቡነ መርቆሬዎስና የአቡነ ማትያስ ስምም በአንድ ቅዳሴ እንዲጠራ ተስማሙ። የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ አቴናጎራስም እ.ኤ.አ. በ1965 የ1054ቱን ውግዘት አንሥተዋል። እርግጥ የኛው ዕርቅ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን የውስጥ ጉዳይ ነው፤ በተለያየ ሃይማኖት መካከል ስም በቅዳሴ ይጠራ ማለት አይቻልም። የሚቻለውን ግን የሚያሳዩ ሁለት ሰዎች አሉ።

የጎጃሙ ተወላጅ፣ የደብረ ኤልያሱ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ ነበሩ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የወንጌላዊት መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሁለቱንም ደርግ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው፤ አስከሬናቸው ከራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ወጥቶ በ1984 ዓ.ም. በክብር ዐረፈ። በሕይወት ሳሉ በተለያየ መቅደስ ያገለገሉ ሁለት አባቶች በአንድ ግቢ አፈር ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት ቆዩ። ወንጌላውያን ለሙታን አይጸልዩም፤ ተዋሕዶም ፍትሐት የምትፈታው ለልጆቿ ነው። ስለዚህ የጋራ ፍትሐት አልጠይቅም። የምጠይቀው ከዚያ ያነሰና ከዚያ የከበደ ነው።

በሚቀጥለው የጥር ሳምንት ማንም ወደ ማንም መቅደስ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን በራሱ ዐውደ ምሕረት፣ በራሱ ምእመን ፊት፣ በሌላው ላይ ያደረሰውን በደል በስሙ ይጥራ። ካቶሊኩ የሱስንዮስን ዘመን፣ ኦርቶዶክሱ የአባ ገብረ ሚካኤልን ሰንሰለትና የተከለከለውን መቃብር፣ ወንጌላዊውም በአደባባይ የሰደበውን የወንድሙን ሥርዓት ያንሣ። የአዘና ሽማግሌዎችም በወረዳቸው የቀብር ቦታ ያጣ ክርስቲያን ካለ ከዚያ ይጀምሩ፤ ለዚህ ከአዲስ አበባ ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።