ዝነኞችና ጉዲፈቻ፦ ከፔንሲልቬንያ እስከ አዲስ አበባ

ጉዲፈቻ፣ ማለትም ሌላ ሰው የወለደውን ልጅ በሕግ ወይም በልማድ ሥርዓት የራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከቤተሰብ ጓዳ ወጥቶ የአደባባይ ጉዳይ ሲሆን የዝነኞች ድርሻ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1938 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘችው አሜሪካዊቷ ደራሲ ፐርል በክ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በፔንሲልቬንያ ዌልካም ሐውስ የተባለውን ድርጅት ያቋቋመችው፣ የዘመኑ ጉዲፈቻ አስፈጻሚዎች ከእስያና ከአሜሪካ ወላጆች የተወለዱ ሕፃናትን ወሳጅ አይገኝላቸውም በሚል ሰበብ አንቀበልም ስላሉ ነበር። ስለዚህ የደራሲዋ ስም መጀመሪያ የጠቀመው እዚያው አሜሪካ ተወልደው ፈላጊ ያጡትን ሲሆን፣ ድርጅቱ ፊቱን ወደ ኮሪያና ወደ ሌሎች አገሮች ያዞረው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገሮች 12 ልጆች ሰብስባ በፈረንሳይ ሌ ሚላንድ ግንቧ ያሳደገችው ዘፋኟ ጆሴፊን ቤከር ግን፣ ቅጥር ግቢውን ለከፋይ ጎብኚ ክፍት በማድረጓ፣ ልጆቹን ራሳቸውን ትርዒት አድርጋቸዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎልታ የገባችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 የፊልም ተዋናይዋ አንጀሊና ጆሊ ስድስት ወር ገደማ የሆናትን ሕፃን ከአዲስ አበባ በወሰደች ጊዜ ነው። ተዋናይዋ ከሦስት ዓመት በፊት ከካምቦዲያ ወንድ ልጅ ወስዳ ስለነበር ድርጊቱ ለእሷ አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የሆነው፣ እስከዚያ ድረስ በረኀብ ዜና ብቻ ስትነሣ የኖረች አገር በታዋቂ ሰዎች መጽሔቶች ገጽ ላይ የቤተሰብ መገኛ ሆና መታየቷ ነው። በዓመቱ ዘፋኟ ማዶና ከማላዊ ሕፃን መውሰዷ ደግሞ የመጽሔቶቹን ዓይን በአፍሪካ ላይ አጸናው።

ቁጥሩ ከዜናው ጋር አብሮ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሄዱት ልጆች ከ300 የማይበልጡ ሲሆኑ በ2010 ከ2,500 በላይ ደርሰው፣ ኢትዮጵያ ለአሜሪካ ልጅ በመላክ ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። ይሁን እንጂ ጭማሪውን ሁሉ ለአንዲት ተዋናይ መስጠት ታሪኩን ማቅለል ይሆናል፤ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ቻይና ያላገቡትንና ከመጠን በላይ የወፈሩትን አመልካቾች ከልክላ መስፈርቷን አጥብቃ ነበር፤ ጓቲማላም እ.ኤ.አ. በ2008 መግቢያ ላይ አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁማለች፤ እነዚህ በሮች ሲዘጉ ደንበኛና ገቢ ያጡት አስፈጻሚ ድርጅቶች ሌላ አገር መፈለጋቸው አልቀረም። ዝነኛዋ ያደረገችው ፈላጊውን መፍጠር ሳይሆን አቅጣጫ መጠቆም ነበር።

የአሜሪካን የራሷን ልጆች ይህ ሁሉ ብርሃን አልደረሳቸውም። በዚያው ዘመን ከወላጆቻቸው በፍርድ ተለይተው በመንግሥት አደራ የሚያድጉና ጉዲፈቻ የሚጠባበቁ ልጆች ከ100,000 በላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከሕፃንነት ያለፉ፣ አንዳንዶቹም ከወንድምና እኅት ጋር ብቻ የሚሰጡ ናቸው። የእነዚህ ልጆች ማንነት በምስጢር እንዲጠበቅ ስለሚታዘዝ፣ አየር ማረፊያ ላይ የሚነሣው ዓይነት ፎቶግራፍ ለእነሱ አይኖርም። ተዋናይዋ ሳንድራ ቡሎክ ከኒው ኦርሊንስ የወሰደችውን ሕፃን እ.ኤ.አ. በ2010 ለወራት ሸሽጋ ማቆየቷ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ በጸባዩ ለዜና እንደማይመች ያሳያል።

በኢትዮጵያ በኩል የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ለውጭ አገር ዜጋ ልጅ ከመስጠቱ በፊት ልጁን በአገር ውስጥ ማሳደግ የማይቻል መሆኑ እንዲረጋገጥ ያዝዝ ነበር። ትእዛዙ ባዶ ሜዳ ላይ የወደቀ አይደለም፤ የኦሮሞ ጉዲፈቻ ጥንታዊ ነው፣ በሰሜንም አሳዳጊው ጣቱን ማር ነክሮ የሚያጠባበት የጡት ልጅነት ሥርዓት ይታወቅ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ በረኀብ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው የመጡት አበበች ጎበናም፣ በዓመቱ ልጆቹ 21 ሲደርሱ ከትዳራቸው ተለይተው፣ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ አሳድገዋቸዋል። ሥራቸው ከጊዜ በኋላ በአገር ውስጥ ቢከበርም፣ እንደ ሆሊዉዷ ተዋናይ የዓለምን ዓይን አልሳበም።

የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011፣ የሰነድ መጭበርበር አቤቱታ ከበዛ በኋላ፣ በቀን የሚያየውን የጉዲፈቻ መዝገብ ወደ 5 ዝቅ አደረገ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን አስቀረ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካውያን ከመላው ዓለም የወሰዷቸው ልጆች 3,000 እንኳ ሳይሞሉ፣ ከመንግሥት አደራ በጉዲፈቻ የወጡት 66,000 ገደማ ነበሩ።