የፖሊስ መዝገብ ተደራሽነት በኢትዮጵያ

የፖሊስ መዝገብ ተደራሽነት ማለት ፖሊስ በሥራው የሚይዛቸውን ጽሑፎች ዜጎች የማየት ወይም ግልባጭ የመውሰድ መብታቸውና የዚህ መብት ገደብ ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩን በዋናነት የሚመራው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በአዋጁ መሠረት የመንግሥት አካል የያዘው መረጃ በመርህ ደረጃ ክፍት ሲሆን፣ መከልከል የሚቻለው በሕግ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው።

የመዝገቡ ዓይነቶች

በፖሊስ ጣቢያ የሚገኙ መዝገቦች አንድ ዓይነት አይደሉም። በዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ በየቀኑ የሚቀርቡ ጥቆማዎችና የተፈጸሙ ድርጊቶች ይሰፍራሉ። የምርመራ መዝገብ የተበዳዩን አቤቱታ፣ የተጠርጣሪውንና የምስክሮችን ቃል፣ የሐኪም ማስረጃንና የመሳሰሉትን ይይዛል። የትራፊክ አደጋ ሪፖርትና ፕላን አደጋው የት እና እንዴት እንደደረሰ ያሳያል። ከእነዚህ ሌላ የጣት አሻራንና የቅጣት ታሪክን የሚይዝ የወንጀል ሪከርድ አለ።

ሕጋዊ መሠረት

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የፖሊስ መዝገብ ክርክር የሚነሳው በእነዚህ መብቶች መካከል ነው።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የ590/2000ን የመገናኛ ብዙኃን ክፍል ተክቷል፤ የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው ክፍል ግን ጸንቶ ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በበኩሉ የግለሰቦችን መረጃ አያያዝ ይመለከታል።

ከመገለጽ የሚጠበቁ መረጃዎች

ፖሊስ መረጃ ሊከለክል የሚችለው በተለይ በሚከተሉት ሁኔታዎች ነው፦

• መረጃው ቢወጣ በሂደት ላይ ያለን ምርመራ የሚያበላሽ ወይም ፍትሐዊ የፍርድ ሂደትን የሚጎዳ ሲሆን፤
• ወንጀልን የመከላከልና የመመርመር ስልትን የሚያጋልጥ ሲሆን፤
• የጠቋሚን ማንነት የሚገልጥ ወይም ምስክርን ለማስፈራሪያ የሚዳርግ ሲሆን፤
• የሰውን ሕይወት ወይም ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፤
• የሦስተኛ ወገንን የግል ጉዳይ ያለ አግባብ የሚገልጥ ሲሆን።

የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለምስክሮች ተጨማሪ ከለላ ይሰጣል። ሆኖም በአንድ ሰነድ ውስጥ የሚከለከል ነገር መኖሩ ሰነዱን በሙሉ አያዘጋውም፤ የሚጠበቀው ክፍል ተለይቶ ቀሪው ሊሰጥ ይገባል። መረጃው መውጣቱ ለሕዝብ የሚያስገኘው ጥቅም ከጉዳቱ ከበለጠም ክልከላው ሊነሳ ይችላል።

የባለጉዳዮች መብት

ለውጭ ሰው የተዘጋ ወረቀት ለተከሳሽ መብቱ ሊሆን ይችላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል። አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲመለከት ይፈቅዳል። የምርመራ ሥራ በአደባባይ መሰማት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በጊዜ ቀጠሮ ችሎት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ስለሚፈቅድ፣ ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ በጠየቀ ቁጥር ለዳኛው ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

ገደቡ ፖሊስ በራሱ ፈቃድ የሚያወጣውን መረጃም ይመለከታል። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣ የወንጀል ወሬ ለሕዝብ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ በኋላም ቴሌቪዥን ይህን ሥራ ተጋርቷል። የተጠርጣሪን ምስልና ስም ከፍርድ በፊት ማሳየት ግን በአንቀጽ 20 ከተደነገገው እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ጋር ይጋጫል።

አጠያየቅና አቤቱታ

ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል። ጠያቂው መረጃውን ለምን እንደፈለገ እንዲያስረዳ አይገደድም። መልስ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥ ይገባል፤ ክልከላ ከሆነም ምክንያቱ ይገለጻል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

በጎንደርና በአማራ ክልል

አዋጁ የክልል መሥሪያ ቤቶችንም ስለሚያካትት የጎንደር ከተማ ፖሊስ በዚሁ ሕግ ይገዛል። ለምሳሌ ቀሐ ወንዝ አካባቢ በመኪና የተገጨ ሰው ለመድን ካሳ የአደጋውን ሪፖርት መጠየቅ ይችላል። ያው ሪፖርት በሌላ ሰው ሲጠየቅ ግን የተጎጂው የሕክምና ሁኔታና የምስክሮች አድራሻ ተለይቶ ሊቀር ይችላል። የእንባ ጠባቂ ተቋሙ ለክልሉ ቅርብ የሆነው ቅርንጫፍ ባሕር ዳር ይገኛል።

የመረጃው ክብደት ጎልቶ የሚታየው ቤተሰብ የታሰረ ሰው የት እንዳለ ሲፈልግ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለመያዝ ይፈቅድ ስለነበር፣ በችሎት በኩል መረጃ የሚገኝበት መንገድ ጠብቦ ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በቤተሰቡ፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው፤ ሰውየው የታሰረበት ቦታ ካልታወቀ ግን ይህ መብት ሊሠራ አይችልም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በማሻሻያ አዋጁ ቁጥር 1224/2012 የእስር ቦታዎችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን አለው።

የወንጀል ሪከርድ

ለሥራ ወይም ለውጭ ጉዞ የሚጠየቀው ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ በጣት አሻራ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ለባለቤቱ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቅጣቱን የፈጸመና በመልካም ጠባይ የተወሰነ ዘመን የቆየ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ከተሰረዘ በኋላ ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ደግሞ ይዩ

• የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት
• የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
• የኢትዮጵያ ፌደራል ፖሊስ