የአበባዋ ባለቤት ማን ነው?



አበባ ለማየት ብሎ መንገድ መጀመር በእኛ ዘንድ ብዙም የተለመደ አይደለም። በሚያዝያ ወር ሆላንድ የደረሰ እንግዳ ግን «ኮይከንሆፍን ሳታይ እንዳትመለስ» መባሉ አይቀርም። እኔም ተባልኩና እዚያው አገር ከሚኖር አንድ ወጣት ወንድም ጋር በማለዳ ከአምስተርዳም በአውቶቡስ ሄድኩ።

ኮይከንሆፍ ሊሰ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኝ፣ 32 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የአበባ ሥፍራ ነው። ትርጉሙ «የማድ ቤት ጓሮ» ማለት ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ለመኳንንቱ ማድ ቤት ቅጠላ ቅጠል ይለቀምበት ነበርና። ለሕዝብ የተከፈተው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። በየዓመቱ ብርዱ ከመጥናቱ በፊት ሽንኩርት የሚመስሉ 7 ሚሊዮን ያህል የአበባ ሥሮች በእጅ ይተከላሉ። ብርዱ አልፎ ሲያብቡ ሥፍራው ስምንት ሳምንት ያህል ብቻ ለጎብኚ ክፍት ሆኖ ይዘጋል። ከዚያ ሥሮቹ ተነቅለው በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ይተከላሉ።

ቀዩ፣ ቢጫው፣ ነጩና ወይን ጠጁ ቱሊፕ በየመደቡ ተሰልፎ ስናይ «ሱብሓነላህ» ከማለት በቀር ቃል አልነበረንም። ጥቂት እንደ ሄድን ግን ወጣቱ ወንድሜ ፊቱ ተለወጠ። «ይህ እኮ የእኛ ነው!» አለኝ። «ከሙስሊሞች ወስደው የራሳቸው አስመሰሉት።»

ቁጭቱ ገባኝ። በሰው አገር አንገቱን ቀና የሚያደርግበት ነገር የሚፈልግ ወጣት ነው። ነገር ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ የተናገረው እውነት ነውን? ታሪኩን አብረን እንመልከት።

ቱሊፕ ማንም ሳይተክለው በመካከለኛው እስያ፣ በፓሚርና በቲየን ሻን ተራሮች ይበቅል ነበር። ከዱር ወደ ጓሮ አምጥተው ካለመዱት መካከል ፋርሶችና ቱርኮች ይገኛሉ። ስሙንም «ላሌ» አሉት። ይህ ቃል በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ አሊፍ፣ ሁለት ላምና አንድ ሃእ አለው። «አላህ» የሚለው የከበረ ስምም የሚጻፈው በእነዚሁ ፊደላት ነው። ኪታብ የቀራችሁ እንደምታውቁት፣ በአብጀድ ሒሳብ ሁለቱም 66 ይሆናሉ። ዑስማኒዎች አበባዋን ያከበሩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ኢስታንቡል ውስጥ የተሠራው የሩስተም ፓሻ መስጊድ ግድግዳ እስከ ዛሬ ድረስ በቱሊፕ ሥዕል የተዋበ ነው።

በ1554 ወደ ሱልጣን ሱለይማን ቤተ መንግሥት የተላከው መልእክተኛ ቡስቤክ አበባውን ለአውሮፓ ካስተዋወቁት አንዱ ነው። «ቱሊፕ» የሚለው ስምም ጥምጣም ማለት ከሆነው የቱርክ ቃል የመጣ ነው። በ1593 ክሉሲየስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ሥሩን ይዞ ላይደን ገባ፤ በ1594 አበበለት። ክሉሲየስ አልሸጥም ስላለ ሰዎች ከጓሮው ሰረቁት። እንግዲህ ስርቆት ከተባለ፣ የተሰረቀው ሆላንዳዊት ከተማ ውስጥ ከዚሁ ሊቅ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አበባው ገንዘብ ሆነ። በ1636 ክረምት ሥሩ ገና መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ሰዎች በየመጠጥ ቤቱ የወረቀት ውል ይሻሻጡ ጀመር። ሻጩ በእጁ አበባ የለውም፤ ገዢውም በኪሱ ገንዘብ የለውም። ሆላንዶች ራሳቸው «የነፋስ ንግድ» ብለውታል። ከሁሉ የተወደደው ነበልባል የመሰለ መስመር ያለበት ቱሊፕ ነበር። መስመሩ ቫይረስ ያመጣው በሽታ መሆኑ የታወቀው ግን በ1928 ነው። በየካቲት 1637 ሃርለም ከተማ ውስጥ ለጨረታ ሲቀርብ ገዢ ጠፋ፤ ዋጋውም ወደቀ። አገሩ በሙሉ ከሰረ የሚለው ወሬ የተጋነነ መሆኑን በቅርብ ዘመን መዛግብቱን የመረመሩ የታሪክ ሰዎች አሳይተዋል። የፈረሰው መተማመን ነው። ቃል የገባው አልከፍልም አለ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተካሰሰ።

ከዚያ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው በእጁ የሌለውን እንዳይሸጥ፣ ፍሬም ለመብሰል ሳይደርስ እንዳይሸጥ ከልክለው ነበር። ይህን ስነግረው ወንድሜ «አላልኩህም!» ብሎ ደስ አለው። ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም።

ሃርለም ያን ካየች ከ80 ዓመት በኋላ ኢስታንቡል ተራዋ ደረሰ። ከ1718 እስከ 1730 ያለው ጊዜ በዑስማኒዎች ታሪክ «የላሌ ዘመን» ይባላል። ሱልጣኑ ሣልሳዊ አሕመድ፣ ዋናው ሚኒስትር ኢብራሂም ፓሻ ነበሩ። በዘመኑ መልካም ነገር አልጠፋም፤ የኢብራሂም ሙተፈሪቃ ማተሚያ ቤት በ1727 የተፈቀደው ያኔ ነው። ነገር ግን የባለጸጎች ውድድር ከመጠን አልፎ፣ መንግሥት ለአበባው ሥር የዋጋ ጣሪያ እስከ ማውጣት ደረሰ። በቤተ መንግሥት የአትክልት ሥፍራ ሌሊቱን የአበባ ድግስ ሲደገስ፣ ሕዝቡ ቀረጥና የኑሮ ውድነት ከብዶት ነበር። በፋርስ ጦርነት የደረሰው ሽንፈት ሲጨመርበት በመስከረም 1730 ፓትሮና ኸሊል የተባለ ሰው የመራው ዐመፅ ፈነዳ። ኢብራሂም ፓሻ ተገደለ፤ ሱልጣኑም ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለመሕሙድ ለቀቀ። ጥፋቱን ሁሉ በአበባ ማሳበብ አይቻልም። ሕዝቡ ግን አበባውን የግፍና የኢስራፍ ምልክት አድርጎ አየው።

ልብ በሉ! እነዚህ ሰዎች 66ን የሚያውቁ፣ ኢስራፍ ክልክል መሆኑን የተማሩ ነበሩ። ማወቃቸው አላዳናቸውም። ስለዚህ «ቀድሞ የእኛ ነበር» ስንል ቆም ብለን እናስብ። ያላወቀ ሲሳሳት አንድ ነገር ነው፤ ቀድሞ የተነገረው ሲሳሳት ግን ዕውቀቱ ራሱ ይመሰክርበታል።

ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «ታዲያ የእኛ የሆነው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አበባው የአላህ ነው» አልኩት። «ማንም ሳይተክለው በተራራ ላይ ያበቀለው እርሱ ነው። የእኛ ሊሆን የሚችለው ሹክሩ ብቻ ነው። እርሱንም ካደረግነው ነው።»

ዙህር ደርሶ ነበርና ከመንገዱ ገለል ብለን ሣሩ ላይ ሰገድን። ከሱጁድ ስነሣ ከአጠገባችን ካለው መደብ የአንዱ አበባ ቅጠሎች ረግፈው አየሁ። አላህ (ሱ.ወ.) የቅርቢቱን ዓለም ሕይወት ለምልሞ በሚደርቅ ተክል መመሰሉ ትዝ አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ በደጃችሁ አበባ ካለ ዛሬ ቆም ብላችሁ እዩት። የማን ነበር ብላችሁ ሳይሆን የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። አላህ ከአመስጋኞቹ ያድርገን። አሚን።