የዝሆን ጥርስ ነው የተባለው ካራ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። የእኛ ቤት እውነት ግን እስኪጠራ ድረስ አንድ ጥማድ በሬ አስከፍሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ እንፍራንዝ ላይ ሲያርፉ ከተዉት ንብረት መካከል ነጭ እጀታ ያለው አሮጌ ካራ ነበር። ዝሆን ገዳይ ከነበሩት ቅድመ አያታችን የወረደ፣ እጀታውም የዝሆን ጥርስ ነው ይባል ስለነበር ውርስ ሲከፋፈል አጎቴ ጥማድ በሬውን፣ አክስቴ ካራውን ወሰዱ። ከዓመታት በኋላ አክስቴ ልጃቸው ታሞባቸው ሊሸጡት አሰቡ። አሮጌ ዕቃ መመርመር እንደምወድ ያውቃሉና «እስቲ መጥተህ እየው» ብለው ላኩብኝ። ከባሕር ዳር ተነሥቼ ሄድኩ።

መንገዱን ሁሉ ሐሳብ ያዘኝ። የዝሆን ጥርስ ካልሆነ አክስቴ በውርሱ ተጎድተዋል። ከሆነም ያለ ፈቃድ መሸጡ ያስቀጣል። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ ያቃጠለው ይህንኑ ንግድ ለማውገዝ ነበር።

የቤተ ሰባችንን ወሬ ማመን ለእንፍራንዝ ሰው አይከብድም። በአቅራቢያዋ ኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563-1597) መቀመጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1700 በዚያ ያለፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እንፍራንዝን የባሪያና የዝባድ መገበያያ መሆኗን ጽፏል። የዝሆን ጥርስም ከአክሱም ዘመን ጀምሮ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ ውጭ ይላክ የነበረ ሀብት ነው። ንጉሥና ነጋዴ በተመላለሱበት አገር አንድ እጀታ ቢገኝ ምን ይደንቃል?

ዳሩ ግን አንድ ነገር አስጠረጠረኝ። የድሮ መኳንንት ለጎራዴ እጀታ ይመርጡ የነበረው የአውራሪስ ቀንድ ነው። እርሱ ደግሞ ጠቆር ያለ፣ ብርሃን ሲያልፍበት ማር የሚመስል ነው እንጂ ነጭ አይደለም።

ካራውን ወደ ደጅ አውጥቼ በማጉያ መነጽር አየሁት። መታየት ያለበት የእጀታው ጎን ሳይሆን የተቆረጠው ጫፉ ነው። የዝሆን ጥርስ ከሆነ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች እንደ ወንፊት ተጠላልፈው ይታያሉ። አጥንት ከሆነ እድፍ የሞላቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጥቁር ነጥብ መስለው ይወጣሉ። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ለቢሊያርድ ኳስ የዝሆን ጥርስ ምትክ ሲፈለግ የተሠራው ሴሉሎይድ ደግሞ ጎኑ ላይ በማስመሪያ የተሰመሩ የሚመስሉ መስመሮች ይኖሩታል፤ ጫፉ ላይ ግን ያ ጥልፍልፍ የለውም። በጋለ መርፌ ወግተው የሚፈትኑ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉ! ሴሉሎይድ ከሆነ እንደ ክብሪት ይቀጣጠላል፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ጠባሳው አይለቅም።

የእኛ ካራ ጥልፍልፍም ነጥብም አልነበረበትም። ከነዕድሜው ብዙ አልወየበም። ጫፉ ላይ ጥቃቅን ክቦች፣ በመካከላቸውም እንደ ቅንድብ የጎበጠች ስስ መስመር ነበረች። የጉማሬ ክራንቻ ነው።

ጉማሬ ደግሞ ከሩቅ አገር አይመጣም፤ ጣና ውስጥ አለ። በጣና ዳር ጉማሬ በማደን የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ሥጋውን ስለሚበሉ ጎረቤቶቻቸው ይጸየፏቸው ነበር። ስለቱን የሠራው ቀጥቃጭም ቢሆን «ቡዳ» እየተባለ የተገፋ ሰው ነው። ለካስ ቅድመ አያታችንን ዝሆን ገዳይ ያሰኘው ካራ፣ ስሙን ልንጠራ ያፈርንበት ሰው የእጁ ሥራ ነው! አስመሳዩ እጀታው አልነበረም፤ ወሬያችን ነው።

ለአክስቴ እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ስለ በሬው ያነሣሉ ብዬ ስጠብቅ፣
«ጉማሬ ነው ያልከኝ?» አሉ።
«አዎ።»
«እናቴ እኮ ወይጦ የነካውን ዋንጫ አስጥባ አይበቃትም ነበር» አሉና ካራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉት። «የፋሲካውን በግ ግን በዚህ ስናርድ ኖርን።»

ካራው አልተሸጠም። አጎቴ ወሬውን ሲሰሙ ለልጁ መታከሚያ አንድ ወይፈን ሸጡ።