የጥቂቶች ድምፅ በከተማ ምክር ቤት

በግንቦት 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች መካከል 137ቱን አሸነፈ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በተደረገው ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግ ከነዚያው 138 መቀመጫዎች 137ቱን ያዘ። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የቅንጅት መሪዎች ታስረው ተፈትተዋል፤ ድርጅቱም ተከፋፍሏል፤ ስለዚህ የሁለተኛው ምርጫ ውድድር ከመጀመሪያው ጋር የሚመሳሰል አልነበረም። ይህም ሆኖ የአንድ ከተማ ሕዝብ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ሳይቀር ሐሳቡን ገልብጧል ብሎ የሚያምን አይኖርም። ሁለቱ ቁጥሮች ስለ መራጩ ከሚናገሩት ይልቅ ስለ ድምፅ አቆጣጠሩ የሚናገሩት ይበልጣል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ በ23 የምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ እያንዳንዱ ክልል ለከተማው ምክር ቤት ስድስት ሰዎች ይመርጣል። መራጩ ስድስት ምልክት ያደርጋል፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት ስድስት ዕጩዎች ያልፋሉ። የአንድ ፓርቲ ደጋፊዎች ስድስቱንም ምልክት ለፓርቲያቸው ከሰጡ፣ በጥቂት ድምፅ የበለጠው ወገን ስድስቱን መቀመጫ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ተከታዩ አንድም ሳያገኝ ይቀራል።

ይህ የዋና ከተማው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የምክር ቤት ነገር ከሁሉ ይልቅ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር የሚገናኘው በትናንሾቹ ከተሞች ነው። ለዚህም የወለጋ ከተሞች፣ ማለትም ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ሻምቡ፣ እንዲሁም ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የጎቡ ሰዮ ወረዳ ከተማ አኖ፣ ጥሩ ማስረጃ ይሆናሉ። በነዚህ ስፍራዎች የገበያው ቦታ፣ የውኃው ቧንቧ፣ የቤት መሥሪያው መሬት የሚወሰነው ተመራጭና መራጭ በስም በሚተዋወቁበት ሸንጎ ነው።

የከተማ ምክር ቤት በሕግ የቆመው በ1937 ዓ.ም. በወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ሲሆን፣ የነዋሪው ድርሻ በንብረት ባለቤትነት የተገደበ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ገለበጠው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጡትን ቤቶች የሚያስተዳድረው ቀበሌ ሆነ፤ የትናንቱ ተከራይ መራጭና ተመራጭ ሲሆን፣ ትርፍ ቤት የተወረሰበት ሰው ለተወሰነ ጊዜ ከመመረጥ ተከለከለ። እንግዲህ በመጀመሪያው ዘመን ሸንጎ ያልገባው ተከራዩ ነበር፤ በሁለተኛው ያልገባው ባለቤቱ ሆነ። ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለማስቀመጥ የታሰበበት ጊዜ አልነበረም።

በሰኔ 1984 ዓ.ም. የክልልና የወረዳ ምርጫ ሲደረግ፣ በወለጋ ሰፊ ድጋፍ የነበረው የኦሮሞ ነጻነት ግንባር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ራሱን አገለለ። በ1997 ዓ.ም. አቶ ቡልቻ ደመቅሳ የመሩት የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 11 መቀመጫዎች አገኘ፤ ዋና መሠረቱም ምዕራብ ወለጋ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ ግን የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ፣ በመላ ሀገሪቱ ለውድድር የቀረበው መቀመጫ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ሕዝቡን በሰፊው የሚያሳትፍ ይመስላል። ዳሩ ግን ያን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችለው የመንግሥት ሥልጣን በእጁ ያለ ድርጅት ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት ዕጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ በማለት ከምርጫው ወጣ፤ መቀመጫዎቹም ከጥቂቶች በቀር ለገዢው ድርጅትና ለአጋሮቹ ሆኑ።

ተመጣጣኝ ውክልና የሚባለው ሥርዓት የሚለየው በዚህ ላይ ነው። 20 መቀመጫ ባለው የአንድ ትንሽ ከተማ ምክር ቤት 10,000 ሰዎች ድምፅ ሰጡ ቢባል፣ ከሦስት ወገኖች አንዱ 5,200፣ ሁለተኛው 3,300፣ ሦስተኛው 1,500 ቢያገኙ፣ በአዲስ አበባው ዓይነት አቆጣጠር አንደኛው 20ውንም ሊወስድ ይችላል። ቤልጅማዊው የሕግ ሰው ቪክቶር ዶንት ባቀደው ስሌት ግን የእያንዳንዱ ወገን ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እያለ በተከታታይ ይካፈልና መቀመጫዎቹ ለትልልቆቹ ድርሻዎች ይሰጣሉ፤ ውጤቱም 11፣ 6 እና 3 ይሆናል። አንደኛው አሁንም ብልጫ አለው፤ ከተማውን ያስተዳድራል። ነገር ግን በጀቱ ሲነበብ የሚጠይቅ ዘጠኝ ሰው ፊቱ ተቀምጧል።

ይህን ሥርዓት አስቀድመው ከሞከሩት አንዷ እንደ ነቀምቴ ያለች የአውራጃ ከተማ መሆኗ ልብ ሊባል ይገባል። በምዕራብ አየርላንድ የምትገኘው ስላይጎ በዕዳ ተዘፍቃ ሳለ፣ ግብር የሚከፍሉት ነጋዴዎች በአብላጫው ተውጠው ከምክር ቤቱ ስለ ራቁ፣ በጥር ወር 1919 እ.ኤ.አ. መራጩ ዕጩዎቹን በምርጫ ቅደም ተከተል በሚያስቀምጥበት ተመጣጣኝ አቆጣጠር 24 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተመረጠ። ከግብር ከፋዮቹም፣ ከብሔርተኞቹም፣ ከሠራተኞቹም ወገን ሰዎች ገቡ፤ ብቻውን ግማሹን የያዘ ግን አልተገኘም። በዓመቱ ሥርዓቱ ወደ መላው አየርላንድ ተስፋፋ። በአፍሪካም ደቡብ አፍሪካ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትልልቅ ከተሞቿ ከምክር ቤት አባላት ግማሹን ያህል ከቀጠና፣ ግማሹን ከፓርቲ ዝርዝር ትመርጣለች።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር ቀላል አይደለም። በፓርቲ ዝርዝር የገባ ሰው ለዝርዝሩ አዘጋጅ እንጂ ለሰፈሩ አይጠየቅም ይላሉ። የውኃ ቧንቧው የተሰበረበት ሰው የሚያንኳኳው በር ይፈልጋልና ይህ እውነትነት አለው፤ የደቡብ አፍሪካው ቅይጥ ሥርዓትም የተፈጠረው ለዚሁ ነው። መቀመጫው ለአንድ ወገን ብቻ በሆነበት ምክር ቤት ግን ተመራጩ ሰፈሩን ትቶ ለድርጅቱ ሲያድር የሚከራከረው ሰው በአዳራሹ አይገኝም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በይፋ የተነሣው መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ለሁለቱ ምክር ቤቶች ባደረጉት የመክፈቻ ንግግር የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል በገለጹ ጊዜ ነው። ቀጥሎ በተደረገው የፓርቲዎች ድርድር 80 በመቶ አብላጫ፣ 20 በመቶ ተመጣጣኝ የሆነ ቅይጥ ሥርዓት ላይ ተስማሙ። ለዚህ እንቅፋት ተብሎ የሚጠቀሰው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ነው፤ አንቀጹ በአብላጫ ድምፅ መመረጥን የሚደነግገው ግን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው እንጂ ስለ ወረዳና ስለ ከተማ ምክር ቤቶች አይናገርም። ሥርዓቱን በነቀምቴ ወይም በአኖ ለመሞከር ይህ አንቀጽ የሚከለክለው ነገር አልነበረም ማለት ነው። ስምምነቱ ግን ሕግ ሳይሆን ቀረ፤ በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162ም የአብላጫ ድምፁን አቆጣጠር ባለበት አጸናው።