የፒያኖ ድምፅ በሒሳብ ቀመር

ፒያኖን ያለ ክርና ያለ መዶሻ ለማሰማት የተደረገው ጥረት የኮምፒዩተር ዘመን ብቻ የወለደው ይመስለናል፤ ሥሩ ግን ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። ዳላምቤር የተወጠረ ክር የሚርገበገብበትን ሕግ በቀመር የገለጸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1747 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ የእርሱ ክር አንዳች ግትርነት የለበትም። የፒያኖ ክር ብረት ስለ ሆነ፥ ከዋናው ድምፅ በላይ የሚሰሙት ረቂቅ ድምፆች የዋናው 2፣ 3፣ 4 እጥፍ መሆን ሲገባቸው ከልካቸው ጥቂት ከፍ ይላሉ። ይህ ጉድለት ይመስላል። ዳሩ ግን ሃርቪ ፍሌቸርና ባልደረቦቹ በ1962 ባሳተሙት ጥናት፥ ረቂቆቹ ድምፆች በትክክለኛ እጥፍ ሲቀናበሩ የፒያኖው ሙቀት እንደሚጠፋ አሳዩ። ከታሪኩ ሁሉ እኛ የምናደንቀው ይህን ነው፤ ቀመሩ የብረቱን እንከን መማር ነበረበትና።

በ1971 ሒለርና ሩይዝ የክሩን ቀመር በኮምፒዩተር ደረጃ በደረጃ እየፈቱ ድምፅ አወጡ። በ1994 ሼንና አስከንፌልት የመዶሻውን ሱፍ ጠባይ ጭምር በስሌታቸው አገቡ፤ ይኸውም ሱፉ በኃይል በተመታ መጠን ስለሚጠጥር፥ ድምፁ መጕላት ብቻ ሳይሆን ይሰላል። በ2006 ከፈረንሳይ የወጣው ፒያኖቴክ የተቀዳ ድምፅ አያከማችም፤ ቍልፉ በተነካ ጊዜ ያሰላዋል።