ዓባይ እስኪጎድል፦ ሲራራ ነጋዴዎች ያረፉባቸው ባሶና አሰንዳቦ



እኛ የሃና ሰዎች ኦሞ የምንለው ወንዝ ወደ ላይ ሲኬድ ስሙ ጊቤ ነው። ጊቤና ጎጀብ ተገናኝተው ኦሞ ይሆናሉ፤ ውሃውም የሰላማጎን ምዕራብ ይዞ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። በዚያ በላይኛው የጊቤ አገር እስልምና እንዴት እንደገባ ወጣቶች ስትከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ "በሰይፍ ነው" ይላል። ሌላው ደግሞ "ደጋግ ነጋዴዎች መጡ፣ ሕዝቡ አያቸውና ወዲያው ሰለመ" ይላል። ሁለቱም ነጋዴውን መንገድ ላይ አላዩትም። እስቲ ዛሬ መንገዱ ላይ እንየው፤ በተለይ ዓባይ አግዶት በተቀመጠበት ቦታ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዋናው የሰሜን ሲራራ መንገድ ከምጽዋ ተነስቶ በአድዋ በኩል ጎንደር ይገባ ነበር። ከጎንደር ጎጃምን አቋርጦ ከዓባይ ሸለቆ በላይ ወዳለው ወደ ባሶ ገበያ ይደርሳል። ዓባይን ሲሻገር ጉዱሩ ውስጥ አሰንዳቦ ላይ ያርፋል። ከዚያ ሊሙ እናርያ፣ የሰቃ ገበያ፤ መጨረሻው ከጎጀብ ማዶ ቦንጋ ነው። ወደ ደቡብ የሚሄደው አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ጨሌና ጠገራ ብር ነበር። ወደ ሰሜን የሚመለሰው ደግሞ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ በቀንድ የታሸገ ዝባድ፣ እንዲሁም ሰው። ስለ ሰው እመለስበታለሁ።

የዚህ መንገድ ዋና ባለቤቶች ጀበርቲዎች ነበሩ። ነጋዴ የሆኑት በምርጫ ብቻ አልነበረም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኗል፤ በጎንደር እስላም ቤት የተባለው ሰፈር የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። የደጋው ሙስሊም የርስት መሬት ተከልክሎ ስለኖረ የቀረለት ሽመናና ንግድ ነበር። ርስት ያጣ ሰው እርሻው መንገድ ሆነ።

መንገዱ ግን በክረምት ይዘጋል። ዓባይ ሲሞላ በመካከለኛው በጋ በእግር ይገባበት የነበረው መልካ የማይደፈር ይሆናል። ሲራራው እዚህ ማዶ ወይም እዚያ ማዶ ሆኖ ውሃው እስኪጎድል ወራት ይቀመጣል። መንገዱን ጭቃ ሲይዘው ሃና ላይ የሚያድር የአይሱዙ ሾፌር ይህን ለመገመት አይቸገርም፤ ልዩነቱ የእሱ ቀናት ነው፣ የእነሱ ወራት።

እንግዲህ መስጂድ ቁጭ ብሎ ኪታብ የቀራ ሰው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳያነሳ አያልፍም። ዓባይ ዳር የታገደ ነጋዴ ሙሳፊር ነው ወይስ ነዋሪ? ሶላቱን ያሳጥራል ወይስ ይሞላል? በሐነፊዮች ዘንድ 15 ቀን ለመቀመጥ ቁርጥ ኒያ ያላደረገና "ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ" የሚል ሰው ጊዜው ቢረዝምም ያሳጥራል። በሻፊዒዮች ዘንድ ግን ጉዳዩ በየቀኑ ይፈጸማል ብሎ የሚጠብቅ ሰው እስከ 18 ቀን ነው የሚያሳጥረው። ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በአዘርባጃን በረዶ መንገድ ዘግቶባቸው ስድስት ወር ሶላት እያሳጠሩ መቆየታቸው ይተረካል። የእኛዎቹን ያገዳቸው በረዶ ሳይሆን ጎርፍ ነው። ክረምቱ ምን ያህል እንደሚቆይ ግን ያውቁ ነበር፤ አውቆ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ነዋሪ ነው። ቤት ይሠራል፣ ልጅ ያስቀራል፣ ከአገሩ ሰው ይጋባል። የነገሩ ቁልፍ ይህ ይመስለኛል።

ዝናቡ ሲያባራ መሻገር ይጀመራል። ሸቀጡ ይፈታል፤ በተነፋ ቁርበት ላይ ተጭኖ ዋናተኞች ይገፉታል፤ በቅሎና አህያው ይዋኛል፤ አዞም አለ። ብቻውን የሚሻገር የለም፤ ሁሉም በነጋድራሱ ስር ተሰብስቦ ነው የሚሄደው፣ በየኬላውም ቀረጥ ይከፍላል። የውጭ ሰዎችም ያለ ሲራራ አልሆነላቸውም። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 እናርያ የደረሰው ከነጋዴዎች ጋር ነው። የካቶሊኩ ጳጳስ ማሳያ ራሱ በ1852 ጉዱሩ የገባው የነጋዴ መልክ ይዞ ነበር። ጳጳስ ሆኖ በሙስሊም ነጋዴ መንገድ! ሱብሃነላህ።

ሰቃ ሲደርሱ ሌላ እገዳ ይጠብቃቸዋል። የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ (1825–1861) የሰሜን ነጋዴ አልፎ በቀጥታ ካፋ እንዲገባ አይፈልግም ነበር፤ ትርፉ በእጁ እንዲያልፍ ነው። ስለዚህ እዚያም ተቀመጡ፤ ገበያው አጠገብ የነጋዴ መንደር ቆመ። ከነጋዴው ጋር ቁርኣን የሚያስቀራ ሰው መጣ። ንጉሡ ነጋዴውን ይፈልገዋል፤ ቀረጡንም፣ ሸቀጡንም፣ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰውንም። አባ ባጊቦ ሰለመ፤ በጅማም ከ1830 ጀምሮ የነገሠው አባ ጅፋር ቀዳማዊ ሰለመ። ሕዝቡ የተከተለው በአንድ ቀን ሳይሆን በትውልድ ነው። የነገሥታቱ ጥቅም በነገሩ ውስጥ አልነበረበትም የሚል ሰው ታሪኩን እያሳመረው ነው።

አሁን ወደ ሰው ልመለስ። በዚያው ሲራራ ውስጥ፣ ከዝባዱና ከቡናው ጎን፣ ታስረው በእግራቸው የሚሄዱ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ልጆችና ልጃገረዶች። በደቡብ በጦርነትና በዘረፋ ተይዘው፣ ሰቃ ላይ ተሽጠው፣ አሰንዳቦ ላይ እንደገና ተሽጠው፣ ዓባይን ተሻግረው ባሶ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ወደ መተማ፣ ወደ ምጽዋና ባሕር ማዶ። ሻጮቹ ውስጥ የእኛ ሰዎች ነበሩበት። ክርስቲያን ገዢዎችም ገዝተዋል፣ ቀረጥም በልተውበታል፤ ይህ ግን የእኛን አያነጻም። ነፃ ሰው ሽጦ ዋጋውን የበላ ሰው በቂያማ ቀን ከሳሹ አላህ ራሱ እንደሆነ በቡኻሪ ሐዲስ የተማርን ሰዎች ነን። "ደጋግ ነጋዴዎች" ብላችሁ የምትጽፉ ልጆች ይህን ዘላችሁ አትጻፉ። ዓባይ ዳር ወራት ከተቀመጡት መካከል መመለስን የሚጠብቁና መመለስ የሌላቸው ጎን ለጎን ነበሩ። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 ነው፤ የእኛ አያቶች ዘመን ማለት ነው።

ባሶን ያደከማት የወንዙ ሙላት አልነበረም። ምኒልክ በ1880ዎቹ የጊቤን አገር ሲይዙ ንግዱ ወደ ሸዋ ዞረ፤ በ1917 ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ የጅማ ቡና ዓባይን የሚሻገርበት ምክንያት ቀረ። አሰንዳቦን የምትፈልጉ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ከአዲስ አበባ ጅማ ስትሄዱ የምታልፉባት አሰንዳቦ ሌላ ናት። የሲራራዋ አሰንዳቦ ያለችው በሆሮ ጉዱሩ፣ ከዓባይ በስተደቡብ ነው።